የቤት ሥራ፦ ትናንሽ ልጆች የበዙበት ቤት ውሎና የረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሱና

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

  

የሴሚስተሩ ፈተና ሊጠናቀቅ ጥቂት ቀርቶታል። ከዚያ በኋላ አብዛኞቻችን ሻንጣችንን ይዘን ወደ ደሴ፣ ወደ ከሚሴ፣ ወደ ጅማ፣ ወደ ወራቤ፣ ወደ አዲስ አበባ እንበተናለን። ብዙዎቻችን የምንገባበት ቤት አራት አምስት ታናናሾች ያሉበት ነው፤ አንዱ ሲያለቅስ ሌላው ይስቃል፣ ሦስተኛው ጫማውን ይፈልጋል። በጀመዓችን ስለ ኒካሕ፣ ስለ ሒጃብ፣ ስለ ጊዜ አጠቃቀም ብዙ ደርስ ሰምተናል። በእንዲህ ያለ ቤት ውስጥ በአንድ ተራ ማክሰኞ ምን ምን እንደሚሠራ፣ ማን እንደሚሠራው፣ ዲናችንም ስለዚያ ምን እንደሚል ግን እምብዛም አንነጋገርም። ይህ ጽሑፍ በዚያ ላይ ያተኩራል። ለወንድሞች ይበልጥ፣ ለእህቶችም ጭምር ነው።

ቤት ሲገቡ ምን ይሠሩ ነበር?

ጥያቄው የታቢዒዩ የአስወድ ነው። የጠየቁትም እናታችን ዓኢሻን (ረ.ዐ) ነው። ቡኻሪ በዘገቡት በዚህ ሐዲስ የዓኢሻ መልስ አጭር ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤት ሲሆኑ በቤተሰባቸው ሥራ ላይ ይሆኑ ነበር፤ የሶላት ጊዜ ሲደርስ ደግሞ ወደ ሶላት ይወጡ ነበር። በዐረብኛው የገባው ቃል «ሚህነህ» የሚል ሲሆን አገልግሎት፣ የእጅ ሥራ ማለት ነው። ዛሬም ዐረቦች ሙያን የሚጠሩት በዚሁ ቃል ነው። በሌሎች ዘገባዎች ዝርዝሩ መጥቷል፤ ልብሳቸውን ይጠግኑ፣ ጫማቸውን ይሰፉ፣ ፍየላቸውን ያልቡ ነበር።

እዚህ ላይ ልብ የሚባለው ዓኢሻ (ረ.ዐ) ሥራውንና ሶላቱን በአንድ ትንፋሽ መናገራቸው ነው። አንዱ የሌላውን ጊዜ ሲሻማ አናይም። እኛ ዘንድ ግን አንድ ወንድ ልጅ «ቂርኣት ላይ ነው» ከተባለ ውሃ ከመቅዳት ይቀራል፤ «ዩኒቨርሲቲ ገባ» ከተባለ ደግሞ የበላበትን ሳህን እንኳ አያነሳም። ነቢዩ ወሕይ ይወርድላቸው ነበር፣ ጦር ይመሩ ነበር፣ ከየአቅጣጫው የሚመጡ ልዑካንን ይቀበሉ ነበር፣ በሰዎች መካከል ይፈርዱ ነበር። ከእርሳቸው የበለጠ የተጣበበ ፕሮግራም ያለው ተማሪ በመካከላችን ካለ እጁን ያውጣ።

ቤቱም ሰፊ አልነበረም። ዓኢሻ (ረ.ዐ) እንደነገሩን ነቢዩ ሌሊት ሲሰግዱ እርሳቸው ከፊታቸው ተኝተው ስለሚሆኑ፣ ሱጁድ ሊወርዱ ሲሉ ነካ ያደርጓቸው ነበር፤ ያን ጊዜ እግራቸውን ይሰበስባሉ፣ ሲቆሙ ይዘረጋሉ። ሐሰኑል በስሪ ደግሞ በልጅነታቸው ወደነዚያ ክፍሎች ሲገቡ ጣሪያውን በእጃቸው ይነኩ እንደነበር ተዘግቧል። እንግዲህ በአንድ ክፍል ውስጥ ስድስት ሰባት ሆኖ ማደግ ለእኛ ብቻ የመጣ ነገር አይደለም።

ማነቆው የት ነው?

ምህንድስና ስለምማር ነገሩን በለመድኩት መንገድ ላስቀምጠው። አንድ ቤት እንውሰድ። አባትየው ሱቅ አለው። እናትየው ቤት ናት። ልጆቹ አምስት ናቸው፤ ትልቋ ስምንተኛ ክፍል፣ ቀጥሎ ያለው ወንድ ልጅ አምስተኛ ክፍል፣ ሦስተኛው አንደኛ ክፍል፣ ከዚያ የአራት ዓመት ሴት ልጅ፣ መጨረሻ ላይ ገና ያልጣለ የዓመት ከመንፈቅ ጨቅላ።

ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ተኩል ያለውን ብቻ እንመልከት። ሻይ ይፈላል፣ ቁርስ ይቀርባል። የትልቋ ፀጉር በራሷ እጅ ይሠራል፣ የትንሿ ግን እናቷን ይጠብቃል። የአንደኛ ክፍሉ ዩኒፎርም ትናንት ጭቃ ነክቶታል። የአራት ዓመቷ ፍራሹን አርጥባ ነው የተነሳችው። የአምስተኛ ክፍሉ ልጅ «ወላጅ ይፈርም ተብሏል» ብሎ ደብተሩን የሚያወጣው በር ላይ ቆሞ ነው (ሁልጊዜ በር ላይ ነው የሚያስታውሱት፣ ምክንያቱን አላህ ያውቃል)። ጨቅላው ደግሞ በዚሁ መሐል ነቅቶ ጡት ይፈልጋል። ይህ ሁሉ የሚያልፈው በአንዲት ሴት እጅ ነው። በአንድ ፋብሪካ ውስጥ ሥራው ሁሉ በአንድ ማሽን በኩል የሚያልፍ ከሆነ ያንን ማሽን ማነቆ እንለዋለን። የዚህ ቤት የጠዋት ማነቆ እናትየው ናት።

ማነቆን ስንማር ሁለት ነገር ይነገረናል። አንደኛው፣ ማነቆው ባልሆነ ቦታ አቅም ብትጨምር ምርቱ አይጨምርም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ «እማዬ ላግዝሽ?» ማለት መልካም ነው፤ ያ ሰዓት ግን ፋታ ያለበት ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ተኝቶ ቅዳሜ ከሰዓት ቤት የሚጠርግ ልጅ ልፋቱ ያለ ቦታው ወድቋል። ሁለተኛው ደግሞ የወረፋ ሒሳብ ነው። አንድ አገልጋይ ብቻ ባለበት ቀላሉ ሞዴል፣ አገልጋዩ ከጊዜው 50 ከመቶው ሲያዝ በአማካይ እጁ ላይ ያለውና ተራ የሚጠብቀው ተደምሮ 1 ሥራ ነው። 80 ከመቶው ሲያዝ 4 ይሆናል። 90 ከመቶው ሲያዝ 9 ይደርሳል። ከ80 ወደ 90 የተጨመረው ጥቂት ነው፤ ወረፋው ግን ከእጥፍ በላይ አድጓል።

ስለዚህ ሁለት ልጆች በነበሯት ጊዜ ረጋ ያለች እናት አምስት ላይ ስትደርስ ድምጿ ከፍ ካለ፣ «ሶብሯ አለቀ» ብሎ ከመፍረድ በፊት ወረፋውን መቁጠር ይገባል። ከዘጠኙ ላይ ሁለት ሦስቱን የሚያነሳላት ሰው ካገኘች ድምጿም ወደነበረበት ይመለሳል።

በዚሁ ላይ የእንጀራ ቀን አለ። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3 ኪሎዋት ተኩል ገደማ ይወስዳል፤ በ220 ቮልት ሲሰላ ወደ 16 አምፒር ይጠጋል። በብዙ ቤቶች ምጣዱ እየሠራ ሌላ ምድጃ ቢሰካ ብሬከሩ ይወርዳል፤ ስለዚህ ወጡ ይቆያል፣ ሻዩ ይቆያል፣ የጨቅላው አጥሚት ይቆያል። ጋጋሪዋ ሁለቱም እጆቿ ተይዘዋል፤ ከምጣዱም መራቅ አትችልም። የሚድኸውና ገና መራመድ የጀመረው ልጅ የሚቃጠለው በእንዲህ ያለው ሰዓት ነው። በእንጀራ ቀን ትናንሾቹን ይዞ ከቤት የሚወጣ ሰው ከጋጋሪዋ እኩል ሠርቷል ብል አላጋነንኩም። መጋገር የማንችል ወንድሞች ቢያንስ ይህን እንችላለን።

ውሃም እንዲሁ ነው። በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ውሃው የሚመጣበት ሌሊት አይታወቅም። አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ይመዝናል። ይህን እርጉዝ ወይም አራስ የሆነች ሴት እንድታነሳ ወይም የ13 ዓመት ልጅ ጀርባዋ ላይ እንድታዝል ማድረግ፣ ቤት ውስጥ ጎረምሳ እያለ፣ ምንም ማብራሪያ የሚገኝለት አይመስለኝም።

ሦስቱ ሰዓቶች

ቁርኣን ስለ ቤት ውስጥ ውሎ በጣም ዝርዝር የሆነ ነገር ከሚናገርባቸው ቦታዎች አንዱ የኑር ምዕራፍ 58ኛው አንቀጽ ነው። አላህ (ሱ.ወ) ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች በቀን ሦስት ጊዜ ሳያስፈቅዱ እንዳይገቡ ያዝዛል፤ ከፈጅር ሶላት በፊት፣ በቀትር ልብስ በሚወልቅበት ጊዜ፣ ከዒሻእ ሶላት በኋላ። ከነዚህ ውጭ መግባት መውጣታቸው ችግር የለበትም። ለዚህ የተጠቀመው ቃል «ጠዋፉን» የሚል ነው፤ ከጠዋፍ ጋር ሥሩ አንድ ነው፣ ዙሪያ የሚዞሩ፣ የሚመላለሱ ማለት ነው። ትናንሽ ልጆች ያሉበትን ቤት ላየ ሰው ከዚህ የተሻለ መግለጫ የለም። ቀጥሎ ያለው 59ኛው አንቀጽ ደግሞ ልጆቹ ለአካለ መጠን ሲደርሱ ሁልጊዜ እንዲያስፈቅዱ ያዝዛል።

ከዚህ አንቀጽ ሁለት ነገር እንወስዳለን። ልጅ በቤቱ እንደልቡ መመላለሱ የተፈቀደ ነው፤ እየተመላለሰ ስላስቸገረ ብቻ አይገፈተርም። ወላጅም በበኩሉ የሚያርፍበትና የሚሸፈንበት ጊዜ አለው፤ ይህም በአላህ የተደነገገ መብት ነው። ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) በዘመናቸው እንኳ ብዙ ሰው ይህን የማስፈቀድ አንቀጽ መተዉን አንስተው እርሳቸው ግን የቤታቸውን አገልጋይ በዚሁ እንደሚያዙ መናገራቸውን አቡ ዳውድ ዘግበዋል። በእኛ ቤቶች ዛሬም የተረሳ ነው። «ክፍሉ አንድ ነው፣ በምን በር ያስፈቅዱ?» የሚል ይኖራል። መጋረጃ ይበቃል። የሦስት ዓመት ልጅ እንኳ ከመጋረጃው ውጭ ቆሞ «ልግባ?» ማለትን በሳምንት ይለምዳል። ይህን የማስተማር ሥራ ለታላላቅ ልጆች፣ ማለትም ለእኛ፣ ቢሰጥ ቀላል ነው፤ ወላጅ ራሱ ሲያስተምረው ልጁ እንደተባረረ ይቆጥረዋልና።

አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች የሶላት ሰዓታችን ከበጋ እስከ ክረምት ከአንድ ሰዓት የበለጠ አይንቀሳቀስም። የሰሜን አውሮፓ ሙስሊሞች በበጋ ዒሻእን እኩለ ሌሊት አካባቢ ሲሰግዱ፣ በክረምት ገና በጊዜ ይሰግዳሉ፤ የልጆቻቸውን የመኝታ ሰዓት ከዚያ ጋር ማስማማት ከባድ ነው። እኛ ግን «ከዐስር በኋላ መድረሳ፣ ከመግሪብ በኋላ እራትና ሙራጀዓ፣ ከዒሻእ በፊት መኝታ» ብለን ዓመቱን ሙሉ ልንይዘው እንችላለን። ልጅ የሚረጋጋው ነገሮች በየቀኑ በተመሳሳይ ቅደም ተከተል ሲመጡለት ነው። አምስት ጊዜ አዛን የሚሰማበት ሰፈር ደግሞ ሰዓት ማየት ለማይችል ልጅም ቅደም ተከተሉን ይነግረዋል።

ከመግሪብ እስከ ዒሻእ

ጠዋትን ካየን ሌላው ማነቆ ይህ ነው። ጃቢር (ረ.ዐ) ባስተላለፉት ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲመሽ ልጆችን ከውጭ እንድንሰበስብ፣ ከምሽቱ ጥቂት ካለፈ በኋላ እንድንለቃቸው አዝዘዋል። ስለዚህ ልክ በመግሪብ ሰዓት ልጆቹ ሁሉ ቤት ይገባሉ። ተርበዋል፣ ደክመዋል፣ ከመድረሳና ከትምህርት ቤት ይዘውት የመጡት ጠብ አለ፣ የትምህርት ቤቱ የቤት ሥራም አልተሠራም። እናት እራት ላይ ናት፤ የራሷ የመግሪብ ሶላትም ጊዜው አጭር ነው።

አባትና ወንድሞች በዚህ ሰዓት የት ናቸው? አብዛኛውን ጊዜ መስጊድ። መግሪብን በጀመዓ ሰግደው እስከ ዒሻእ እዚያው የሚቆዩ ብዙ ናቸው። ደርስ ካለ ደርሱ ትልቅ ነገር ነው፣ አልነቅፈውም። ብዙ ቀን ግን ደርስ የለም፤ በረንዳ ላይ ወሬ ነው። ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) ከነቢዩ የያዟቸውን ሱና ሶላቶች ሲቆጥሩ ከመግሪብ በኋላ ያለውን ሁለት ረከዓ ቤታቸው ይሰግዱት እንደነበር ገልጸዋል፤ ቡኻሪ ዘግበውታል። ፈርዱን መስጊድ፣ ሱናውን ቤት። ይህን አንድ ሱና ብቻ የያዘ ሰው ቤቱ በጣም በምትፈልገው ሰዓት ቤቱ ይገኛል። ሁለት ረከዓ ሰግዶ ልጆቹን ዙሪያውን አስቀምጦ የዕለቱን ሱራ ያስቀራል፣ ደብተር ያያል፣ ከዚያ ለዒሻእ ይመለሳል። የኔ አስተያየት፣ ደርስ በሌለበት ቀን ትናንሽ ልጆች ላሉት ሰው ከመስጊድ በረንዳ ይልቅ ይህ ይሻላል የሚል ነው።

በሌላ በኩል ልጆችን ጨርሶ ከመስጊድ ማራቅም ከሱናው አይደለም። አንድ ሌሊት ነቢዩ ዒሻእን ባዘገዩ ጊዜ ዑመር (ረ.ዐ) ሴቶቹና ልጆቹ እንቅልፍ እንደወሰዳቸው በመጥቀስ ተጣርተዋል። ልጆች በዚያ ሰዓት መስጊድ ውስጥ ነበሩ ማለት ነው። በአንዳንድ መስጊዶቻችን የአራት ዓመት ልጅ ሰፍ አቋረጠ ተብሎ በጆሮው ተይዞ ሲወጣ ሳይ ይህ ሐዲስ ትዝ ይለኛል።

ልጅ የተሸከመ ሶላት

አቡ ቀታዳ (ረ.ዐ) እንዳስተላለፉት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የልጃቸውን የዘይነብን ልጅ ኡማማን ተሸክመው ሰግደዋል፤ ሱጁድ ሲያደርጉ ያስቀምጧታል፣ ሲቆሙ ያነሷታል። ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል፤ በሙስሊም ዘገባ ሰዎችን እያሰገዱ ነበር። ነሳኢ በዘገቡት ደግሞ ከልጅ ልጆቻቸው አንዱ ሱጁድ ላይ እያሉ ጀርባቸው ላይ ወጥቶ ሱጁዱን አስረዝመዋል፤ ሲጠየቁም ልጁ ደስ እስኪለው ላቻኩለው አልፈለግሁም የሚል መልስ ሰጥተዋል። ሶላቱን ሊያስረዝሙ አስበው ገብተው የሕፃን ለቅሶ ሲሰሙ በእናቱ ጭንቀት ምክንያት እንደሚያሳጥሩ ደግሞ አነስ (ረ.ዐ) አስተላልፈዋል። አንዱ ዘንድ ሶላቱ ለልጁ ረዘመ፣ ሌላው ዘንድ ለእናቱ አጠረ።

ከፊቅህ አንጻር ለቤት የሚጠቅሙ ሁለት ነጥቦች አሉ። ብዙ እናቶች «ልጁ ነካኝ፣ ወጣብኝ፣ ሶላቴ ተበላሸ» ብለው ይደግማሉ። ነጃሳ መኖሩ እስካልታወቀ ድረስ የልጁ ልብስና ሰውነት መሠረቱ ንጽህና ነው፤ የኡማማ ሐዲስ ለዚህ ማስረጃ ተደርጎ ይጠቀሳል። ሁለተኛው የጨቅላ ሽንት ነው። ኡሙ ቀይስ ቢንት ሚሕሶን (ረ.ዐ) ገና ምግብ ያልጀመረ ወንድ ልጃቸውን ይዘው ሲመጡ በነቢዩ ልብስ ላይ ሸና፤ እርሳቸው ውሃ አስመጥተው ረጩበት እንጂ አላጠቡትም። በሻፊዒይ መዝሀብ ከወተት ሌላ ያልበላ ወንድ ጨቅላ ሽንት ላይ መርጨት ይበቃል፤ የሴቷ ግን ይታጠባል። በሐነፊይ መዝሀብ ሁለቱም ይታጠባሉ። ወሎን በመሰለ ሁለቱም መዝሀቦች ባሉበት አካባቢ ያደግን ሰዎች ቤታችን በየትኛው እንደሚሠራ ሳንጠይቅ ለእናታችን ሌላ ፈትዋ ይዘን ባንገባ ይመረጣል።

ግዴታው የማን ነው?

ፋጢማ (ረ.ዐ) ከመፍጨት ብዛት እጃቸው ቢጎዳ አገልጋይ ለመጠየቅ ወደ አባታቸው ሄዱ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ማታ ቤታቸው ድረስ መጥተው በእርሳቸውና በዐሊይ መካከል ተቀምጠው፣ ሲተኙ 33 ጊዜ ተስቢሕ፣ 33 ጊዜ ተሕሚድ፣ 34 ጊዜ ተክቢር እንዲሉ አስተማሯቸው፤ ከአገልጋይ የተሻለ መሆኑንም ነገሯቸው። ይህ ሐዲስ በተለምዶ የሚነገረው ለሴቶች ብቻ ነው፦ «ታገሺ፣ ተስቢሕ አድርጊ»። ትምህርቱ የተሰጠው ግን ለሁለቱም ነው፤ ሐዲሱን ያስተላለፉልን ዐሊይ (ረ.ዐ) ራሳቸው ናቸው፤ በሲፊን ሌሊት እንኳ እንዳልተዉትም ተናግረዋል። ደግሞም ነቢዩ «ይህ ምን ያደክማል?» አላሉም። በሌላ ዘገባ እንደተገለጸው የሱፋ ሰዎች እየተራቡ ለልጃቸው አገልጋይ ሊሰጡ አልፈለጉም።

አስማእ ቢንት አቢ በክር (ረ.ዐ) ደግሞ ከዙበይር መሬት የቴምር ዘር በራሳቸው ላይ ተሸክመው ይመላለሱ ነበር፤ ርቀቱ የፈርሰኽ ሁለት ሦስተኛ ነው፣ ከ3 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ፈረሱንም ይቀልቡ ነበር። በኋላ አባታቸው አቡበክር (ረ.ዐ) ፈረሱን የሚጠብቅ አገልጋይ ሲልኩላቸው ከባርነት ነፃ የወጡ ያህል እንደተሰማቸው ተናግረዋል። በቡኻሪ ያለ ነው። ሶሓቢያት ድካማቸውን አልደበቁም፤ ድካሙን መናገርም እንደ ማማረር አልተቆጠረባቸውም።

የቤት ሥራ በሚስት ላይ በሸሪዓ ግዴታ ነው ወይ በሚለው ላይ ዑለማዎች ተለያይተዋል። ኢብኑ ተይሚያና ኢብኑል ቀዪም በአካባቢው ልማድ መሠረት ግዴታ ነው ብለዋል። በመድረሳ የምናነበው የሻፊዒይ ፊቅህ ግን ማብሰልና መጋገር በኒካሕ ውል ግዴታ አይሆንባትም፣ ከሠራች በጎነቷ ነው የሚል ነው። ብዙዎቻችን ይህን መስአላ በኪታቡ ላይ ቀርተን አልፈነዋል። ወደ ቤት ስንመለስ ግን ራት ዘገየ ብለን ፊታችንን የምናጠቁር ከሆነ፣ ያላለቀው ራት በኪታባችን መሠረት ከእናታችን የሚሰጠን ስጦታ ነው። ስጦታ ዘገየ ብሎ የሚቆጣ ሰው አይታችኋል?

የስምንተኛ ክፍሏ

በምሳሌው ቤት ያለችውን ትልቋን ልጅ እስካሁን አላነሳኋትም። የእናትየው ጭነት ሲበዛ የሚተርፈው ወደ እርሷ ነው። ጨቅላውን ታዝላለች፣ ሳህን ታጥባለች፣ የአራት ዓመቷን ታስተኛለች። ከእርሷ የሦስት ዓመት ታናሽ የሆነው ወንድሟ በዚያው ሰዓት ኳስ ሜዳ ነው። ስምንተኛ ክፍል ደግሞ የክልል ፈተና አለው። ሰኔ ላይ ውጤቷ ሲያንስ «ይህቺ ትምህርት አይሆንላትም» ይባላል። ስንት ሰዓት አጠናች ብሎ ግን ማንም አልቆጠረም።

ኑዕማን ኢብኑ በሺር (ረ.ዐ) ባስተላለፉት ሐዲስ አባታቸው ለአንድ ልጃቸው ለይተው ስጦታ ሲሰጡ ነቢዩ ለሁሉም እንደዚያ ሰጥተው እንደሆነ ጠየቁ፤ አይ ሲሏቸው አላህን እንዲፈሩና በልጆቻቸው መካከል እንዲያስተካክሉ አዘዟቸው፣ ሊመሰክሩላቸውም አልፈቀዱም። ሐዲሱ ስለ ስጦታ ነው፤ ማስተካከሉ ግዴታ ነው ወይስ የተወደደ በሚለውም ዑለማዎች ተለያይተዋል። ለማጥናት የሚሆን ጸጥ ያለ አንድ ሰዓት ግን በእንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ከብር የሚበልጥ ስጦታ ነው ብዬ አምናለሁ። ለአንዱ ልጅ በየቀኑ ተሰጥቶ ለሌላዋ በየቀኑ ሲነፈግ ከሐዲሱ መንፈስ ብዙ አይርቅም።

እኛ ዩኒቨርሲቲ የገባን ወንድሞችና እህቶች ይህን የማየት ዕድል አለን፤ ከቤት ወጥተን ስለምንመለስ ለዓይናችን አዲስ ነው። አባትና እናት ፊት ቆሞ «ቤታችሁ ፍትሕ የለውም» ብሎ መናገር ግን አደብም አይደለም፣ አይሠራምም። የሚሠራው ጨቅላውን ከእህት ጀርባ አውርዶ ራስ ማዘል ነው። የ11 ዓመቱ ልጅ ዩኒቨርሲቲ የገባ ታላቅ ወንድሙ ሳህን ሲያጥብ ካየ ምክር አያስፈልገውም።

ቤት ስንገባ

ከዚህ ሁሉ በኋላ ለእረፍቱ የምለው፣ «ሥራ» ከመምረጥ ይልቅ «ሰዓት» እንምረጥ ነው። «ውሃ የኔ ነው» የሚል ልጅ ውሃ በሌለበት ቀን ነፃ ነው። «ከፈጅር እስከ 1 ሰዓት ተኩል የኔ ነው» የሚል ግን በዚያ ሰዓት የመጣውን ሁሉ ይይዛል፤ ያረጠበውን ፍራሽም፣ የጠፋውን ካልሲም፣ ያልተፈረመውን ደብተርም። ከፈጅር ሶላት በኋላ ተመልሶ አለመተኛት ለዚህ ይበቃል። ምሽት የሚቀለው ደግሞ ከመግሪብ እስከ ዒሻእ ያለውን ይያዝ። ሰባት ዓመት የሞላውን ታናሽ ለሶላት ማዘዝም በዚሁ ሰዓት ቢሆን ጥሩ ነው፤ ታላቁ ሲሰግድ እያየ ከጎኑ ይቆማል። እህቶች ብዙዎቻችሁ ቤት ስትገቡ ሳትጠየቁ ሁሉንም እንደምትሸከሙ አውቃለሁ። ለእናንተ የምለው ከመሸከማችሁ በፊት ከወንድሞቻችሁ ጋር ሰዓት ተከፋፈሉ ነው፤ በመጀመሪያው ሳምንት ካልተከፋፈላችሁ በሁለተኛው አይሆንም።

እንግዳ ይዞ መግባትም አለ። ጓደኛን ለምሳ መጋበዝ ሱና ነው፤ ሳይነግሩ አራት ጓደኛ ይዞ የእንጀራ ቀን ላይ መግባት ግን ወረፋውን ከ80 ወደ 90 የሚወስደው እርሱ ነው። ጠዋት አሳውቁ፤ ሲሄዱም ሳህኑን እናንተ አንሱ።

እዚህ ግቢ ውስጥ ሳለን ደግሞ የምንችለው አንድ ነገር አለ፣ ስልክ። አብዛኞቻችን ቤት የምንደውለው ከምሽቱ 1 ሰዓት አካባቢ ነው፤ ከእራት በፊት ፋታ የምናገኘው እኛ ነንና። በዚያ ሰዓት እናታችን በአንድ እጇ ስልክ፣ በሌላው ጨቅላ ይዛ ድስት ታማስላለች። ለቀትር እረፍቷም አንድረስባት። ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት አካባቢ፣ ዐስር ሳይገባ፣ ትልልቆቹ ገና ሳይመለሱ ብንደውል ቁጭ ብላ ታወራናለች።

ወላሁ አዕለም።